ወደ ኋላ የተዘረጋ መዳፍ

የነጋዴው የአቶ ሰውመሆን ዳስ ከወረታ ተነስቶ ይፋግ ሊገባ ትንሽ ነበር የቀረው። ለሰርጉ የወደቀው ሰንጋ በሕይወት ኖሮ ቢሰለፍ፣ የኋለኛው ገና ከበረት ሳይወጣ የፊተኛው አንበሳሜ ገበያ ውሎ ይመለስ ነበር። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ዘፈንማ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ ተነክረው የተቀመጡትን በሽተኞች ወገብ አሽቷል፤ አላሸም የሚል ካለ ወገቡን ታሞ የማያውቅ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ በዚያ ሁሉ እልልታ ውስጥ፣ ይርጋለም ትጠብቅ የነበረው አንድ መዳፍ ነው።

ሰው ፊት ይናፍቃል፣ ድምፅ ይናፍቃል። እሷን የናፈቃት የእንዳልካቸው ቀኝ መዳፍ ነበር።

የፎገራ ሜዳ በዓመት ሁለት ነገር ያመርታል፤ ሩዝና ሙሽራ። ሩዙ ጎተራ እንደገባ ሙሽራው ይወጣል፤ ጥር አልፎ በሜዳው ያልተዳረ ቢገኝ ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። ይርጋለምና እንዳልካቸው ጥር በመጣ ቁጥር አብረው ይሠሩ ነበር፣ ሁለቱም ካሜራቸውን አንጠልጥለው፣ ከአንድ ሻንጣ ሌንስ እየተዋዋሱ። ሙሽራ ጉልበት ስማ ስትመረቅ ፎቶ አንሺው ሌንስ ቀይሮ እስኪጨርስ አትጠብቀውም። ስለዚህ እንዳልካቸው ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ አንገቱንም ሳያዞር፣ ቀኝ መዳፉን ወደ ኋላ ይዘረጋል። ይርጋለም የጉልበቱን እጥፋትና የትከሻውን አዘነባበል አይታ የትኛውን ሌንስ እንደፈለገ ታውቃለች። መዳፉ ላይ ታኖርለታለች። ተሳስታ አታውቅም፤ ዞሮ አይቶም አያውቅም። ሌንሱን ስትሰጠው ግን ጣቶቹ ጣቶቿን ከሚገባው ትንሽ አዘግይተው ይለቋቸው ነበር።

ልጅቷን የጨረሰቻት ይቺ መዘግየት ናት። ሌላዋ ሴት በወርቅ ትረታለች፣ ሌላዋ በግጥም። ይርጋለም ዓይን ከመርገብገብ በምታንስ መዘግየት ተረታች፤ ተረታችና ጣና ላይ እንደ ወደቀ ድንጋይ ወደ ታች ብቻ ሄደች።

በመካከላቸው ያለው ገደል ደግሞ ቀላል አልነበረም። እሱ የአስፋልት ዳር ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ገላነሽ አንድ ቀን ይርጋለምን በር ላይ አግኝተው፣ እግሯን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ፣ የሩዝ ጭቃ ያልደረቀበት እግር ሳሎናቸውን እንዳይረግጥ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናግረዋል። እሷም ሰምታ፣ እግሯን አጥባ፣ በሚቀጥለው ሰርግ ሌንሱን አቀበለችው። በኋላ እንዳልካቸው ባሕር ዳር ትልቅ ስቱዲዮ ተቀጥሮ ሄደ። መዳፉ ግን ጥር በመጣ ቁጥር ይመለስ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በካሜራ አፍ ነው።

ባለፈው ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁለተኛ ጣና ባደረገው ጊዜ፣ ይርጋለም የተዋጠውን ማሳ ለማንሳት ታንኳ ላይ ወጣች። ታንኳው ተገለበጠ። እሷ ወጣች፣ ካሜራዋ ቀረ። ውኃው ሲጎድል ያገኙት ሰዎች ሆዱ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ይኖሩበት ነበር አሉ፤ ሜዳው ላይ ያላመነ ሰው የለም።

መስከረም ሲጠባ አዲስ ልትገዛ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ከመሐመድዘይን ሱቅ ገባች። መሐመድዘይን ሁለት ካሜራ መስታወቱ ላይ አስቀምጦ፣ የሁለቱንም ሌንስ ነቅሎ አፋቸውን አሳያት። አፍ የሚሉት ሌንሱ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍበትን ክብ ብረት ነው። አፉ የማይቀበለው ሌንስ ከአልማዝ ቢሠራም ድንጋይ ነው።

«እህቴ ይርጋለም፣» አላት፣ «ካሜራ የምትገዢ እንዳይመስልሽ፤ የምትመርጪው አፍ ነው። ካሜራው ያረጃል፣ ትለውጪዋለሽ። አፉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ዛሬ የያዝሽው አፍ ነው ነገ ከማን ጋር ሌንስ እንደምትዋዋሺ የሚቆርጠው።»

አንደኛው ይርጋለም ድሮ የያዘችው፣ እንዳልካቸውም የያዘው፣ አሮጌው አፍ ነበር፤ ጠንካራ፣ የታወቀ፣ ግን ሌንሱ ከእንግዲህ እምብዛም አይሠራለትም። ሁለተኛው አዲሱ አፍ ነው፤ ሰፊ፣ እንደ አሮጌው ውስጡ የሚገላበጥ መስታወት የሌለው፣ ዓለም ሁሉ ወደሱ የሚሮጥ። መሐመድዘይን አንድ ነገር ደግሞ ጨመረላት። የአሮጌው አፍ ሌንስ የጣት ውፍረት ያላት መሸጋገሪያ ብረት ከታከለችለት አዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል። የአዲሱ ሌንስ ግን ምን ቢደረግ አሮጌው ላይ አይገባም። መንገዱ የአንድ ወገን ነው።

ልቧ አዲሱን አለ። ግን እንዳልካቸውን ሳትጠይቅ ጫማ እንኳ አትገዛም ነበርና እዚያው ቆማ ደወለችለት፤ ሁለቱን አፍ ነገረችው፣ አዲሱን ልይዝ ነው አለችው። ከወዲያ ማዶ የመጣው ዝምታ ርብን በነሐሴ የሚያደርቅ ዝምታ ነበር።

«አሮጌውን ያዢ፣» አላት በመጨረሻ። «ሌንስ ከሆነ እኔ እሰጥሻለሁ።»

ሰጣትም። በሳምንቱ ሦስት ሌንሶቹ፣ ሰፊው፣ ረጅሙና የሰው ፊት ከቅርብ የሚያነሳበት የፊት ሌንሱ፣ በአንገት ልብሱ ተጠቅልለው በሚኒባስ መጡላት። የአንገት ልብሱን ዘርግታ አራገፈችው፣ ገለበጠችው፣ አሸተተችው። አንዲት ቃል የተጻፈባት ወረቀት አልነበረችበትም። እሷም ዝምታውን ከሙሉ መጽሐፍ አብልጣ አነበበችው። ዓይኑን አውጥቶ የሰጣት መሰላት። ሌንሱን ሁሉ ለአንዲት ሴት የሚሰጥ ፎቶ አንሺ ከእሷ ጎን ሳይጠፋ ሊኖር የቆረጠ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

ይህንኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። አያ ዘመነ በፎገራ ላሞች ብዛት ስማቸው የተነሳ፣ ላሞቻቸው የታለቡ ዕለት ሰማይ የሚቀና ሽማግሌ ናቸው። ሌንሶቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ ለፀሐይ እያሳዩ፣ እያገላበጡ አዩአቸውና ፍርድ ሰጡ፤ ይሄ ጥሎሽ ነው። የከተማ ልጅ ጥሎሽ እንዲህ ነው የሚሆነው። በነጭ ኩታ ጠቅልለው ከሟች ሚስታቸው ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ልጅቷም ለሥራ ባስፈለጓት ቁጥር አባቷን አስፈቅዳ ታወጣቸው ጀመር።

በዚያው ሰሞን የያየህ ሽማግሌዎች መጡ። ያየህ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን የሚያሠራ፣ ሲስቅ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ። እንደ ወጉ ግቡ፣ ተቀመጡ ሊባሉ ይገባ ነበር። አያ ዘመነ ግን የፊት ሌንሱን ከኩታው አውጥተው፣ ከፍ አድርገው አሳዩአቸውና ለልጃቸው ጥሎሽ የገባላት መሆኑን ነገሯቸው። ይህ ሳይበቃቸው ያየህ ገለባውን ያበጥር ብለው ላኩበት። ሽማግሌዎቹ ዞረው ሄዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአጥር ጎረቤታቸው አያ ተክለ ማርያም ነበሩ።

ይህ ወሬ ሜዳውን ለማዳረስ ፈረስ አላስፈለገውም። በሜዳው ሕግ ደግሞ ሽማግሌ ደጅ አቁሞ የመለሰ ቤት፣ የጠበቀው ሙሽራ ሳይመጣለት ከቀረ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ አይረግጠውም። የይርጋለም ዕድሜ፣ የአባቷም ነጭ ጢም፣ ሦስት ሌንስ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አያ ዘመነ ያሳደጉትን ሙክት ለእንዳልካቸው ሽማግሌዎች አስረው ጥርን ይጠብቁ ጀመር።

ይኸው ጥር ሆነ። ይኸው እንዳልካቸው ከአቶ ሰውመሆን ዳስ ደጅ ከመኪና ወረደ።

ብቻውን አልነበረም። አብራው የወረደችው ልጅ ጠጉሯ ከዳሱ ጥላ የጠቆረ፣ ስትራመድ ሰርገኛው ሙሽራዋ የመጣች መስሎት እልል ሊል የቃጣላት ናት። እንዳልካቸው ይርጋለምን ጨበጣት። ዓይኑ ግን ፊቷን አልነካም፤ ትከሻዋ ላይ እንደ ዝንብ አርፎ ተነሳ።

«ይርጌ፣ ተዋወቂ፤ ፀደይ ትባላለች። የስቱዲዮው ባለቤት ልጅ ናት፤ አብረን እየሠራን ነው።»

ፀደይ ሦስት ጊዜ ሳመቻት። እጇ ለስላሳ፣ ሳቋ ክፋት የሌለበት ነበር። ይርጋለም ለራሷ ብዙ መልስ ሰጠች። አሠሪው ልኳት ነው። ቪዲዮ ልትቀርጽ ነው። ሰርጉ ትልቅ ስለሆነ ነው። ያፈቀረች ሴት የምትሠራው ምክንያት ከአናጺ ሥራ ይበልጣል፤ ያለ ሚስማር ያቆመችው ቤት ከዝናብ ያስጠልላል ብላ ትገባበታለች።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ዳሱ በር ላይ ደረሰ። ሴቶቹ በሩን ይዘው አናስገባም እያሉ ሲዘፍኑ፣ ሚዜዎቹ ሲገፉ፣ አቧራው ሲነሳ፣ እንዳልካቸው አንድ ጉልበቱን አጥፎ ትከሻውን ወደ ግራ ጣለ። ይርጋለም ከኋላው ቆማ ነበር። ልቧ የደብር ደወል ሆነ። ያ ጉልበት፣ ያ ትከሻ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የፊት ሌንሱን። ከኩታው ፈታ አውጥታ ይዛዋለች።

መዳፉ ወደ ኋላ ተዘረጋ።

አኖረችለት። ጣቶቹ ሌንሱ ላይ ተሰበሰቡ፤ እሷም ያችን መዘግየት ጠበቀች። ጣቶቹ ግን ቆሙ። እንደ ዕውር ሌንሱን ዳሰሱት፣ መዘኑት፣ ዳር ዳሩን ነካኩት። ከዚያ፣ አንገቱ ሳይዞር፣ ዓይኑ ከካሜራው ሳይነቀል፣ መዳፉ ሌንሱን ወደ እሷ ገፋው። ተሳስቶ የሰው ጎጆ እንደገባ ሰው ፈጠን ብሎ ወጣ። ባዶውን ሆኖ እንደገና ተዘረጋ።

በይርጋለም ብብት ሥር አንዲት ለስላሳ እጅ አለፈች። ሌላ ሌንስ፣ አጭርና ጥቁር፣ መዳፉ ላይ አረፈ። ቀጭ ሲል ሰማችው። የእንዳልካቸው ጣቶች የፀደይን ጣቶች ከሚገባው ትንሽ አዘግይተው ለቀቋቸው።

ሚዜዎቹ በሩን ሰብረው ገቡ፤ እልልታው ሰማዩን ቀደደው። ይርጋለም ሌንሷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች፤ የገዛ ጣቶቿ የሌላ ሰው ጣት መስለው ይታዩዋት ጀመር።

ምግብ ሲቀርብ የሙሽሪት አክስት እትዬ ሸዋነሽ ፎቶ አንሺዎቹን አንድ ገበታ ላይ ሰበሰቧቸው። እትዬ ሸዋነሽ ምላሳቸው ቀይ ሥጋ ሳይቀርብም ይቆርጣል። እንዳልካቸውንና ፀደይን አይተው ለነዚህ ደግሞ ማን ፎቶ ያነሳቸዋል አሉ፤ ይርጋለምን ዞር ብለው አይተው፣ አንቺ አለሽ መቼም፣ አሏት። እንዳልካቸው ስልክ የመጣበት መስሎ ተነስቶ ወጣ።

ፀደይ ግን ሻንጣውን ከፍታ ይርጋለምን ልታስደስታት ፈለገች። ካሜራቸውን አሳየቻት፤ አዲሱ አፍ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መያዛቸውን፣ መስከረም ላይ አባቷ ለሁለቱም አንድ ላይ እንደገዙላቸው፣ ከፋሲካ በኋላ ቀለበት ሊያስሩ መሆኑን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ከሻንጣው ጥግ ደግሞ ከነማሸጊያዋ ያለች ትንሽ ካርቶን አወጣች።

«ይቺ መሸጋገሪያዋ ናት። አሮጌዎቹ ሌንሶች ጥሩ ናቸው፣ አትጣላቸው ብዬ እኔ ነኝ የገዛሁለት። ከካርቶኗ እንኳ አላወጣትም። ‹ወረታ ላለች ረዳቴ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ትጫወትባቸው› አለኝ።» ፀደይ ፈገግ አለች። «አንቺ ነሽ አይደል እህቴ?»

«እኔ ነኝ፣» አለች ይርጋለም።

ጉርሻዋን ዋጠች። የፎገራ ሜዳ ሩዝ በሙሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ቢሰጣት ከዚያች ጉርሻ በቀለላት ነበር።

ከዳሱ ጀርባ፣ የገለባ ክምሩ ጥግ፣ አገኘችው። ስልኩን ይነካካ ነበር። ሲያያት ዙሪያውን ቃኘ።

«መስከረም ላይ ከሱቅ ስደውልልህ አዲሱን ይዘህ ነበር?» አለችው።

«በሳምንቱ ነው የያዝነው።»

«የያዝነው።»

«ይርጌ፣ እነግርሻለሁ እያልኩ...»

«እሱን አልጠየቅኩህም። አዲሱን ልይዝ ነው ስልህ ለምን አሮጌውን ያዢ አልከኝ? የጠየቅኩህ እሱን ነው።»

እንዳልካቸው ገለባ መዝዞ ሰበረ። ፈሪ ሰው ጥግ ሲይዝ የሚናገረው እውነት ከጀግና እውነት ይከፋል፤ የሚሸፍንበት ጨርቅ የለውም።

«አዲሱን ብትይዢ ሌንሳችን አንድ ይሆን ነበር፣» አለ። «ሰርግ በመጣ ቁጥር አብረሽን ትሠሪያለሽ፣ ትዋዋሻለሽ፣ ባሕር ዳር ትመላለሻለሽ። ፀደይ ደግሞ ዓይን አላት። አሮጌውን ከያዝሽ ግን... የራስሽ ሥራ አለሽ፣ የራሳችን ሥራ አለን። ለሁላችንም ይሻላል ብዬ ነው።»

ይርጋለም ይህንን ለመስማት ጊዜ ፈጀባት። የስልኩ ዝምታ፣ ያ ርብን የሚያደርቀው ዝምታ፣ አጥር ሲለካ የነበረ ሰው ዝምታ ነበር። ካስማውን ሁሉ በአንገት ልብሱ ጠቅልሎ ላከላት፤ እሷም እየሳመች ተከለችው።

«ሌንሶቹ እኮ ደህና ናቸው፣» አለ ሌላ ገለባ መዝዞ። «አሁን ብትሸጫቸው የሚገዛሽ የለም፤ ለዚህ አገር ሥራ ግን ይበቁሻል።»

«አባቴ ጥሎሽ ነው ብለው ሽማግሌ መልሰዋል።»

ሳቀ። ሊስቅ አልፈለገም፤ ሳቁ አምልጦት ነው የወጣው፣ አጭር፣ ከአፍንጫ። «ሌንስ? ለጥሎሽ?»

ሌላውን ሁሉ ይቅር ትለው ነበር። ቀለበቱን፣ ፀደይን፣ ረዳቴ ያላትን ሳይቀር፤ የሴት ልብ ከፎገራ ሜዳ ይሰፋልና ቦታ ይገኝለት ነበር። ለዚያች ሳቅ ግን ስንዝር መሬት አልነበራትም።

«ና፣ አብረን እንሂድና ንገራቸው፣» አለችው። «አሁን ለኔ የነገርከኝን።»

«አባትሽን? ያንን ዱላቸውን ይዘው...»

«ዱላቸውን አትፍራ። ሌንሶችህ ከመጡ ወዲህ ዱላ አይዙም፤ እጃቸው አይበቃቸውም።»

አቀረቀረ። ሰርጉ ይለቅና እንነጋገራለን አላት፤ ሸሚዙን ወደ ውስጥ ከተተ፤ የገለባ ብናኝ ከጉልበቱ አራገፈና ሄደ። ይርጋለም ያራገፈውን ብናኝ አየችው። እሷም እንዲሁ ቀላል ነበረች።

ሙሽሪት የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። ፀደይ ጭፈራውን ልትቀርጽ ወደ ደጅ ስትሮጥ የሌንስ ሻንጣውን ይርጋለም እግር ሥር አኖረችው፤ ያዢልኝ እህቴ፣ አለቻት። ሙሽሪት በአባቷ በአቶ ሰውመሆን ጉልበት ላይ ተደፋች። አቶ ሰውመሆን፣ እኒያ የወረታን ገበያ በአንድ ሳል ጸጥ የሚያሰኙት ሰውዬ፣ ሊመርቁ አፋቸውን ከፍተው አልቅስ አልቅስ አላቸው። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ዓመት ሙሉ የተደገሰው ለዚህ ደቂቃ ነው፤ ባለሰርጉ በኋላ አምጡ የሚሉት ይህንን ፎቶ ነው።

እንዳልካቸው ጉልበቱን አጠፈ። ትከሻውን ወደ ግራ ጣለ። ካሜራው ላይ ያለው ሌንስ ለሩቅ ነው፤ እንዲህ ከቅርብ ለፊት አይሆንም። ነቀለው። ዓይኑ ሽማግሌው ላይ እንዳለ መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ።

ከኋላው ይርጋለም ብቻ ነበረች። እግሯ ሥር ሻንጣው ተከፍቷል። የፈለገውን ሌንስ ታውቀዋለች፤ አጭሩና ጥቁሩ፣ በቀኝ በኩል ያለው። ማጎንበስ ብቻ ነበር የቀራት።

መዳፉ ጠበቀ። ጣቶቹ ነይ ነይ አሉ።

ይርጋለም የፊት ሌንሷን ከካሜራዋ አፍ ላይ አኖረች። ገባ፣ ዞረ፣ ቀጭ አለ። መጀመሪያ አቶ ሰውመሆንን አነሳቻቸው፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ሲደርስ። ከዚያ ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ መዳፉን አነሳችው። ባዶ፣ የተዘረጋ፣ አየር የሚጨብጥ። ከዚያ ምርቃቱ አለቀ፣ ሙሽሪት ተነሳች፣ እልልታው ፈነዳ። እንዳልካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። አፍ የከፈተ ካሜራ በግራ እጁ ይዞ፣ አቧራ እየገባበት።

ይርጋለም ዓይኑን እስኪሰብር ድረስ ዓይን ዓይኑን አየችው። የሚጣፍጥ መስሏት ነበር። አፏ ውስጥ የቀረው ግን አመድ ነው።

ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ባጃጁ ከጥርጊያው መንገድ ላይ አወረዳት። በሜዳው የሩዝ ገለባው እንደ ወርቅ ተከምሯል፤ ላሞቹ ወደ ቤት ይገባሉ። አያ ዘመነ አጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ከጧት ጀምሮ የቆሙ ይመስላሉ፤ ሙክቱ ከኋላቸው ታስሮ እንደሳቸው ወደ መንገዱ ያያል።

መንገድ ሁሉ ቃሉን ስታዘጋጅ መጥታለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አባዬ፣ ጥሎሽ አይደለም፣ የማይፈልገውን ነው የሰጠኝ።

«ልጁ መጣ?» አሏት።

«መጣ፣ አባዬ።»

«ሌንሶቹን አያቸው? እንዴት አድርገሽ እንደያዝሻቸው አየ?»

«አንዱን እጁ ላይ አኖርኩለት።»

«እሺ።»

«ዳሰሰው። መዘነው። ከዚያ... መለሰልኝ።»

አያ ዘመነ ነጭ ጢማቸውን ጨበጡ። ይርጋለም አሁን ገባቸው ብላ ልቧን ያዘች። የአባቷ ፊት ግን እንደ ዘገየ ጧት ቀስ ብሎ በራ።

«መልሶ ሰጠሽ? በገዛ እጁ? ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ።»

«እሰይ የኔ ልጅ። እናትሽን ያገባሁ ጊዜ አባቷ ጥሎሹን ሰው ፊት እጄ ላይ መልሰው አኑረው ነበር። ሙሽራው የከጀለውን ትቶ ከሆነ ጥሎሹን ይዞ ይሄዳል፤ ልቡ ከጸና መልሶ ይሰጣል። እኔም መልሼ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ የተሰጠ ጥሎሽ አይፈርስም። ልጁ ወግ ያውቃል ማለት ነው፤ እኔ የከተማ ልጅ አያውቅም ብዬ ስሰጋ።»

ይርጋለም አፏን ከፈተች። አባቷ ግን ወደ አጥሩ ሄደዋል፤ እየተራመዱ ወገባቸው ይቃናል፣ ዕድሜያቸው ይረግፋል። በአጥሩ ላይ ያንን፣ ደጅ አቁመው የመለሱትን ጎረቤት ጠሩ።

«ተክለ ማርያም፣ ስማኝማ። ልጁ ዛሬ ሰው ፊት አጸናው። በል የሆነው ሆኗል፣ አትቀየመኝ፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አንተ ነህ ከጎኔ የምትቀመጠው።»

ከወዲያ ማዶ አያ ተክለ ማርያም ምን እንዳሉ አልተሰማም። አያ ዘመነ ግን ሳቁ። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ያልተሳቀ ሳቅ ነበር፤ ላሞቹ አንገታቸውን አቀኑ፣ ሙክቱ ጆሮውን አቆመ።

ይርጋለም የዋህ ሳይሆን ጨካኝ መሆን እንዳለባት ታውቃለች። ነገ ጧት ትነግራቸዋለች። ነገ ይህ ወገብ ይጎብጣል፤ ነገ ይህ ሳቅ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ነገ ያቺ አጭር የእንዳልካቸው ሳቅ ከባሕር ዳር ተነስታ ይህን አጥር ትዘላለች። ፀሐይዋ ግን ገና አልገባችም።

ኩታውን ፈታች። የፊት ሌንሱን ከካሜራዋ አፍ ላይ አኖረች፤ ገባ፣ ዞረ፣ ቀጭ አለ።

«አባዬ፣» አለች፣ «እስቲ ወደዚህ ይዙሩ።»

ዞሩ። እየሳቁ ዞሩ። አነሳቻቸው።

ሥዕሉን አየችው። የጢማቸው ዘለላ፣ ዓይናቸው ዳር ያለው ሽብሽብ፣ በጥርሳቸው ላይ ያረፈው ብርሃን፣ አንዱም አልጎደለም። አሮጌው ሌንስ ያየውን ሁሉ ጥርት አድርጎ አይቶ ነበር።